ፈልጎ ማግኘትማ ለሰነፍ ነው

ዛሬ ምስጋናዬ ለእነዚያ ቆራጥ ፕሮግራመሮች ይድረስልኝ። ታውቋቸዋላችሁ። ላንጉጅ ሰርቨር ይሠራሉ፤ ኮድ መጻፊያው ኮዱን እንዲረዳ ከጀርባ ሆኖ የሚያግዘውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። «በፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን ሲምቦል ሁሉ፣ ማለትም ስም የወጣለትን የኮድ ክፍል (ክላሱን፣ ፈንክሽኑን) ሁሉ፣ በስም መፈለጊያ ጨምሩልን» ያላቸውን ሰው «የጽሑፍ መፈለጊያ አለህ አይደል?» ብለው ጥያቄውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ሰኞ የእኔንም ዘጉልኝ። እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው።

ደግሞስ እውነታቸውን አይደል? የክላሱን ስም ግማሽ ትጽፋለህ። ሰርቨሩ «ይኸው፣ እዚህ ፋይል፣ እዚህ መስመር ላይ ነው» ይልሃል። አለቀ። የቀረውን ቀን ምን ልትሠራበት ነው?

ባልደረባዬን ተመልከቱ። «ሴቭ» የሚባል ፈንክሽን የት እንደተጻፈ ማወቅ ፈለገ። የጽሑፍ መፈለጊያውን ከፈተ። 1,912 ውጤት ተዘረገፈ። እኔ ብሆን እደነግጥ ነበር። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ ከአንደኛው ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ 40 ኮመንት ናቸው። አነበባቸው። ቀጥሎ የቁልፎች ጽሑፍ መጣ። ቀጥሎ የስህተት መልእክት። ቀጥሎ ማንም የማይጠራው የሞተ ኮድ። ቀጥሎ የሰው ላይብረሪ፣ ሙሉ ፎልደር። 655ኛው ላይ «ይሄ ሴቭ በኋላ ይስተካከላል» የሚል የድሮ ማስታወሻ አገኘ። አላስችለው አለና አስተካከለው። ሦስት ቴስት ወደቀ። እነሱን ሲያነሳ ምሳ ሰዓት አለፈ። 1,204ኛው ላይ መስኮቱን በስህተት ዘጋው። አቤት ትዕግሥት! ቃል አልተነፈሰም። እንደገና ከአንድ ጀመረ።

«እኔ ፕሮጀክቱን በቃሌ አውቀዋለሁ» የሚለውንም ሰው ሳላመሰግን አላልፍም። በእግሩ የሚሄድ ኢንዴክስ ነው። ፈቃድ ሲወጣ ቢሮው አብሮት ፈቃድ ይወጣል።

እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ኮድ መጻፊያውና ላንጉጅ ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ፕሮቶኮሉ፣ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የእኔ ጥያቄ እዚያ ውስጥ «ወርክስፔስ ሲምቦል» ተብሎ ስም ወጥቶለታል። አንድ ቃል ይቀበላል፤ ስም፣ ዓይነትና ቦታ ይመልሳል። ሰርቨራችሁ እኮ አንድ ፋይል ስከፍት የዚያን ፋይል ሲምቦሎች አሁንም ይዘረዝርልኛል። ያንኑ ለሁሉም ፋይል አድርጎ መያዝ፣ አንዱ ሲቀየር እሱን ብቻ ማደስ ነው። ቀላል ነው አልልም። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሜሞሪ ይበላል፣ የመጀመሪያው ዙርም ያስጠብቃል። «ጊዜ የለንም» በሉኝ፣ እቀበላለሁ። «አያስፈልግህም» ግን ማን ሆናችሁ ነው የምትሉኝ? የምፈልገውን ያጣሁት እኔ ነኝ!

ለማንኛውም ረቡዕ ዕለት ከመካከላቸው አንዱ አዘነልኝና ጨመረው። እግዜር ይስጠው። ስሙን ፊደል ሳልስት፣ ትልቁን በትልቅ፣ ትንሹን በትንሽ አድርጌ ከጻፍኩለት ይፈልግልኛል። ፕሮቶኮሉ ፍለጋው ላላ ይበል ይላል፣ ግን ሥነ ሥርዓት አይከፋም። ደግሞ የሚፈልገው በተከፈቱ ፋይሎች ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው ፈንክሽኑ ያለበትን ፋይል አስቀድሜ መክፈት ነው።

የትኛው ፋይል እንደሆነ እንዲነግረኝ ባልደረባዬን ጠይቄዋለሁ። 1,300ኛው ላይ ደርሷል።