«ስሙልኝ» ባዮች

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ካፌ በሚቀመጥ ሰው ላይ አዲስ ግብር ተጥሏል፤ አንድ ወጣት የስልኩን ማድመጫ ሳያስፈቅድ ጆሮው ላይ ይሰካና «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ይህን አልሰሙትም?» እያለ ፊቱ ላይ ያፈጥበታል። እኔም ትናንት ፒያሳ ላይ ተይዤ፣ እንግሊዛዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀማሪ ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያዎች ብሎ ያወጣውን ሙዚቃ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አደመጥሁ። ሙዚቃው አላስከፋኝም፤ ያስከፋኝ፣ ኢኖ ራሱ እንዲህ ያለው ሙዚቃ የሚደመጠውን ያህል ችላ ሊባልም የሚችል መሆን አለበት ብሎ መጻፉ ነው። ባለቤቱ የሰጠኝን የመተው መብት ደላላው ከለከለኝ። የደሴ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ፣ ሙዚቃውን በተገቢው ቦታ ልስማ ቢልም አስቀድሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውረድ አለበት፤ ወርዶ ሲያበቃ ደግሞ የሚመኘው ሙዚቃ ሳይሆን የሆዱን መረጋጋት ነው።

ወጣቱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ፋና ወጊዎች ሲደረድርልኝ፣ ሲንተሳይዘር የተባለውን ድምፅ ፈጣሪ ማሽን ከሠራው ከሮበርት ሙግ እስከ ጀርመኑ ባንድ ክራፍትወርክ ሁሉም አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ነበሩ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ ግን አልተጠራም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ድምፁን በገደል ማሚቶ እየለወጠ አዲስ ሥራ ሲያወጣ፣ የተቀዱ ድምፆችን ሙዚቃ በማድረግ ጀማሪ የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፆቹን ለማቀናበር ገና 4 ዓመት ይቀረው ነበር። ዛር እንግዲህ ወሎ በጓዳ ከበሮውን እየሰማ በአደባባይ አላውቀውም የሚለው ነገር ነው! ኤል ዳብ ኋላም አዲስ አበባ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 የባህል ሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ ቆራጩን ትቶ፣ ከደጁ ሲቆረጥ እያየ ዝም የሚለውን ይሰድባልና። የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያም ነገር ከዚሁ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ የቀዳውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዳግም ሲያሳትመው፣ ባለሙያው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። የእኛ ልጆች ስሙን የሰሙት ከፈረንጅ ጭብጨባ በኋላ ነው።

ሲንተሳይዘር ከተነሣ ዘንድ የቆየ ቂም አለኝ። በየሠርጉ የሚጠራው ኦርጋን ተጫዋች የተቀዳ ምት ይከፍትና በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ በሌላው ያንጎራጉራል። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ሆኖ ሳለ፣ ማሲንቆ መቺ በጣቱ ፈልጎ የሚያወጣቸውን ድምፆች ይህ ሰው ፋብሪካ በቃኘው ቁልፍ እያጠጋጋ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ያበላሻቸዋል። እነዚያ ፋና ወጊዎች ማሽኑን ያልተሰማ ድምፅ ለማስወጣት ሲያስጨንቁት ኖሩ፤ የእኛው ግን ማሽኑን ማሲንቆ አስመስሎ የማሲንቆ መቺውን እንጀራ ይቀማበታል። ይህን ዘመናዊነት የሚሉ አሉ፤ እኔ ስንፍና እለዋለሁ፤ ያውም በድምፅ ማጉያ የሚታወጅ ስንፍና።

ስለ «ስሙልኝ» ባዮቹ የጀመርሁትን እንዳልጨርስ ይኸው የኦርጋኑ ነገር ያዘኝ። ብቻ ከእነርሱ መካከል የአያቱን ጓዳ ከበሮ ቀርጾ የሚመጣ ቢገኝ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ሰጥቼው ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።