ሶስት ተኩል ዋት እና አንድ ሳሎን ዝምታ

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ሙዚቃ ላሰማችሁ ብሎ ቤቱ ይጠራንና እንዳንተነፍስ ይከለክለናል። የምሬን ነው። ቲዩብ አምፕ ገዝቷል (በመስታወት ቱቦ የሚሰራ የድሮ ዓይነት ድምፅ ማጉያ)፣ 2ኤ3 የሚባል በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ቲዩብ ያለባት፣ በግራም በቀኝም በየቻናሉ የምታወጣው ሶስት ተኩል ዋት ብቻ ነው። ሶስት ተኩል! መብራት አጥፍቶ ፍም የመሰሉት ቲዩቦች ፊት ይደረድረንና "ስሙ እስቲ" ይላል፣ እኛም አንገታችንን አስግገን እንሰማለን፣ ባለፈው አንዱ አስነጠሰና ዘፋኟ ግማሽ ስንኝ ቀረባት።

ጥፋቱ የአምፗ አይደለም እኮ። አምፗን በልቡ ነው የገዛት፣ ስፒከሩን ደግሞ በዓይኑ፣ ወረቀቱን ያነበበው የለም። በኋላ ቁጭ ብለን ስናየው ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ፣ 88 ዴሲቤል ይላል፣ ደህና ነው ብለን ልንነሳ ስንል ከጎኑ በደቃቃ ፊደል "በ2.83 ቮልት" የምትል ነገር አለች፣ ስፒከሩ ደግሞ 4 ኦም ነው (ኦም ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፣ ሲያንስ ብዙ ይበላል)። 2.83 ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፣ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል፣ ስለዚህ ያቺ 88 የመጣችው እጥፍ በልታ ነው፣ በአንድ ዋት ስትለካ 85 ናት (ዕድሜ የሚደብቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር)። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት፣ 10 ለመጨመር አስር እጥፍ፣ አምፗ ያላትን ሁሉ አሟጣ ብትሰጥ አንድ ሜትር ላይ 90 ገደማ ትደርስና ከበሮ ሲመጣባት መንተባተብ ትጀምራለች። ሶፋው ያለው ሶስት ሜትር ላይ ነው።

"ዋት ጨምራ" አልነው። የሰደብነው መሰለው፣ ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም።

ሶስተኛው ሳምንት ላይ ባለ 100 ዴሲቤል ሆርን ስፒከር፣ አፉ እንደ መለከት የሰፋ፣ ይዞ ብቅ አለ። ሒሳቡ ላይ ምንም ማለት አይቻልም፣ የድሮው ስፒከር 100 ዋት ቢበላ የሚያወጣውን ድምፅ ይሄኛው በሶስት ተኩል ያወጣዋል። ችግሩ ጥንድ ቁም ሳጥን ነው የሚያክሉት። ሶፋው ወጣ። ባለቤቱ "እንግዶቹ የት ሊቀመጡ ነው?" ስትለው "እንግዳ ድምፅ ይመጣል" አላት፣ ለነገሩ እውነቱን ነው ይመጣል፣ ግን ለሚስት እንዲህ ይባላል?

ቆመን ሰማን፣ አልዋሽም፣ ዘፋኟ ሳሎን ገብታ ከፊታችን የቆመች ነው የሚመስለው። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን እምምምም የሚል ነገር ቀረ። ለካ ስሱ ስፒከር ዘፈኑን ብቻ መርጦ አያጎላም፣ የቲዩቡ ፊላመንት (ውስጡ የሚግለው ሽቦ) በኤሲ፣ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ስለሚሞቅ ድሮም ሃም የሚባለው ጉምጉምታ ነበረው፣ የድሮው ስፒከር ድብን አድርጎ ስለሚተኛ ነው ያልሰማነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጠራው ዘፈን ልንሰማ አይደለም። አምፗን ይከፍታል፣ ምንም አያጫውትም፣ ከታች ሃሙን የምታስተካክል አንዲት ብሎን በዊንጭ ቀስ አድርጎ ያዞርና "እስቲ ዝም በሉ... አሁንስ?" ይላል። እኔ ጆሮዬን ሆርኑ ውስጥ ከትቻለሁ። እምምምም።

"ጠፍቷል" አልኩት።