ስልኩ ሞልቶም ለማይሰርዘው ወገናችን የቀረበ ውዳሴ

ቅርስን ጠብቆ ለትውልድ የማስተላለፍ አደራ የቤተ መዛግብት ሠራተኞች ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች፣ የቴሌግራም ተጠቃሚውን ወገናችንን ውለታ ፈጽሞ ዘንግተዋል። እርሱ የአምናውን የእንቁጣጣሽና የካቻምናውን የመስቀል «እንኳን አደረሳችሁ» ቪዲዮ ከነአደይ አበባው፣ ከነችቦውና ከነሙዚቃው በስልኩ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ቪዲዮው የተላከበት ግሩፕ እስከ 200,000 አባላትን ሊይዝ የሚችል መሆኑን እያወቀ፣ የቀሩት ሁሉ ቸል ቢሉ እንኳ እርሱ በጽናት ይጠብቀዋል።

ታላቅነቱ ይበልጥ የሚገለጠው ግን ስልኩ «ቦታ የለም» ያለ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ሳያመነታ ጋለሪውን ይከፍትና የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ፣ የእናቱን ፎቶግራፍና የእህቱን ሠርግ፣ ማለትም ከእርሱ ስልክ በቀር በየትም የማይገኘውን ሁሉ ይሰርዛል፤ በቴሌግራም ሰርቨር (በድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ የተቀመጠውንና በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊያወርደው የሚችለውን ቪዲዮ ግን አይነካም። እንዲህ ያለውን ራስን መካድ በገድል እንጂ በስልክ ላይ እናያለን ብሎ ማን ገመተ?

አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚል ቦታ እንዳለ፣ እዚያም ካሽ የሚባለውን ጊዜያዊ ክምችት ማጽዳት በስልኩ ላይ የተከማቸውን ቅጂ ብቻ እንደሚያነሣና ተራ መልእክቶችን እንደማይነካ ይሰብካሉ። የትኛው ግሩፕ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ አይቶ መምረጥ፣ ፋይሎች ከጥቂት ቀናት ወይም ከአንድ ወር በኋላ በራሳቸው ከስልኩ እንዲነሡ ማዘዝም ይቻላል ይላሉ። ጀግናችን ይህን ንቆ፣ የስልኩን የአፕሊኬሽን ዝርዝር ከፍቶ «ክሊር ዳታ» የሚለውን ይጫናል፤ ከአካውንቱ ይወጣል፤ ሰርቨር ላይ የማይቀመጡት የ«ሲክሬት ቻት» (የምስጢር ጭውውት) ወሬዎቹም እስከ ወዲያኛው ይሰናበቱታል። ይህም ካልበቃው፣ አንድ ደቂቃ ለማይፈጀው ሥራ ስልኩን ወደ ጥገና ቤት ወስዶ ገንዘብ ከፍሎ ፎርማት ያስደርጋል። የጥገና ባለሙያዎቻችን ልጆች በምን እንደሚያድጉ የሚያስብ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሊመሰገን ይገባዋል።

ፍርዱም ሚዛናዊ ነው። በዋትስአፕ የመጣ ፎቶ ከስልክ ከጠፋ በኋላ መልሶ ለማውረድ የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ መገልበጥ ይገባ ነበር፤ እርሱ ግን ለቴሌግራሙ ቪዲዮ የነፈገውን የመሰረዝ ድፍረት ሁሉ እዚህ ያሳያል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገለብጥ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የሞባይል ዳታ ጥቅሉን ገዝቶ ቴሌግራምን እንደ አዲስ ይጭናል። ቪዲዮና ፎቶ ሳይጠየቅ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን «አውቶ ዳውንሎድ» ማጥፋት ግን እንግዳን ከደጅ እንደ መመለስ ስለሚቆጥረው እንደ በራ ይተወዋል፤ ግሩፑም ለሚመጣው በዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለት ከወዲሁ ጀምሯል።