በረኛ የነበረው ዊኬት ጠባቂ

ሻርጃ ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ባዶ አሸዋማ ቦታ አለ። በዕረፍት ቀን፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ የሕንድና የፓኪስታን ልጆች ክሪኬት ይጫወቱበታል። ኳሳቸው በኤሌክትሪክ ናስትሮ የተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ነው። መቺው ኳስ እንዳይነካቸው በሚከላከልላቸው ሦስት እንጨቶች (ዊኬት ይባላሉ) ፋንታ የለስላሳ ሳጥን ያቆማሉ። የኔ ዓይን ግን ሁሌም ከሳጥኑ ኋላ ቁጢጥ ብሎ በሚጠብቀው ልጅ፣ በዊኬት ጠባቂው ላይ ነው። የግንባታ ጓንት አጥልቋል። ጀርባው ላይ 7 ቁጥር አለ። የሕንድ ቡድን ዊኬት ጠባቂ የነበረው የማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ቁጥር ነው።

ዶኒ እ.ኤ.አ. በ1981 ራንቺ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ የውኃ ፓምፕ ላይ ይሠሩ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት እያለ የእግር ኳስ በረኛ ነበር። አሠልጣኙ እጁን አዩና ከክሪኬት እንጨቶች ኋላ አቆሙት። በ2001 ደግሞ የሕንድ ምድር ባቡር በስፖርተኛነቱ ቀጠረው። ካራግፑር ጣቢያ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነ። ደመወዝ እየበላ ኳሱን ተጫወተ።

በታኅሣሥ 2004 ለብሔራዊ ቡድኑ ሲሰለፍ አንድም ነጥብ ሳያገባ ወጣ። አልጣሉትም። በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሙምባይ ላይ 91 ነጥብ አስቆጠረ። የመጨረሻዋን ምት ከሜዳ አውጥቶ ሕንድን ከ28 ዓመት በኋላ ለዋንጫ አበቃ። መቺው ከመስመሩ ትንሽ ሲወጣ ኳሷን ቀልቦ እንጨቱን በመጣል ደግሞ የሚደርስበት የለም። በዓለም አቀፍ ጨዋታ 195 መቺ በዚህ መንገድ አስወጥቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ያቺ የባቡር ጣቢያ ደመወዝ ናት። እኛም እኮ ይህን እናውቅበት ነበር። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ፣ ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ ሩጫ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ በረኛ ነበር። ኮሮኮንች ላይ በባዶ ጉልበቱ ይወረወራል። እጁ የገባች ኳስ አትወጣም። አንድ ክለብ ሞከረውና ወደደው። «ለጊዜው ደመወዝ የለም፣ ጠብቅ» አሉት። እናቱ እንጀራ ሸጠው ነበር የሚያሳድጉት፤ እስከ መቼ ይጠብቅ? ጋራዥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሊጉ ክለቦች በረኛ ከውጭ ሲያመጡ ለዓመታት አየሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስን የጠበቀው ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ጎበዝ ነበር፤ እሱን አልነቅፍም። ግን የኛ ልጅ ያኔ የወር ወጪው ቢሸፈንለት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ።

ባለፈው ወር ደወልኩለት። «አሁንም ትጫወታለህ?» አልኩት።

«እሁድ እሁድ፣ ከጋራዥ ልጆች ጋር» አለኝ። «በሩ ላይ እኔ ነኝ።»