ቁጣ የማያውቀው ሕንድ የቱ ነው?

ሰሞኑን በኢንተርኔት አንድ የሥነ ጥበብ ውይይት ስከታተል ነበር። አንዱ ተናጋሪ «የጥንት ሕንዶች ቁጣ መሳል አይሆንላቸውም፤ ሥዕላቸው ሁሉ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ፈገግ ያለ ነው» ብሎት እርፍ። ማስረጃው በሕንድ፣ አጃንታ በሚባሉት የቡድሂስት ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የተሳለው ቅዱስ፣ ፓድማፓኒ ነው፤ ያ አበባ የያዘው። እሺ፣ እሱ የረጋ ነው። ግን እዚያው 1ኛው ዋሻ ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ የፈታኙ ጋኔን የማራ ጭፍራ ቡድሃን ከቦ ሲያስፈራራ ተስሏል። ፖስትካርድ ላይ ስለማይታተም ነው መሰል አላየውም።

ይባስ ብሎ ስለ ሥዕል ደንብ የሚናገረውን ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ጠቅሶ «ቪሽኑዳርሞታራ ፑራና ቁጣን መሳል ይከለክላል» አለ። የት? መኖሪያ ቤት ውስጥ ነዋ! ቤት ግድግዳ ላይ ፍቅር፣ ሳቅና እርጋታ ይበቃል፤ ቤተ መቅደስና የንጉሥ አዳራሽ ላይ ግን ዘጠኙም ስሜቶች ይሳሉ ነው የሚለው። አንበሳ ሳሎን አይገባም ያለ ሰው አንበሳ አያውቅም ማለት ነው?

ናትያሻስትራ የሚባለው የቲያትር መጽሐፍ እኮ 2000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቁጣ ራሱን የቻለ ጣዕም፣ ማለትም ተመልካች የሚቀምሰው ስሜት ነው፤ ስሙ ራውድራ፣ ቀለሙ ቀይ ይላል። ዓይን ይቀላል፣ ቅንድብ ይኮማተራል፣ ጥርስ ይፋጫል፣ ጉንጭ ይንቀጠቀጣል። የሕንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ይህቺን ዝርዝር በደንብ እናውቃታለን።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያው መጽሐፍ ሐዘን ከቁጣ ይወለዳል ይላል። ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ደቡብ ሕንድ፣ ታንጃቩር ከተማ ይሂድ። ንጉሥ ራጃራጃ በ1010 እ.ኤ.አ. ገደማ ባስጨረሰው ትልቅ ቤተ መቅደስ፣ በውስጠኛው ጨለማ መተላለፊያ፣ የሂንዱው አምላክ ሺቫ የአሱራዎቹን (የአማልክት ጠላቶች የሆኑትን አጋንንት) ሦስት ከተሞች ሊያጠፋ ሠረገላ ላይ ቆሞ ተስሏል። ስምንት እጅ አለው፤ ቀስቱን ይዟል፤ ሠረገላውን የሚነዳው ሌላው አምላክ ብራህማ ነው። ፊት ለፊቱ አሱራዎቹ ግር ብለው ሊዋጉ ይመጣሉ። ሚስቶቻቸውስ? እያለቀሱ ባሎቻቸው ላይ ተጠምጥመዋል። አያችሁ? ሠዓሊው አንድ የተቆጣ ፊት ስሎ አልተገላገለም። ቁጣው ያረፈበትንም ሰው እዚያው ግድግዳ ላይ አምጥቶታል። ሴቶቹን አውጣቸውና የሺቫ ቁጣ ግማሹ ይጠፋል። ጥርስ ማፋጨት ማንም ይስላል። ይህን ግን ከታንጃቩሩ ሰው አብልጦ የሳለ አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ከአውሮፓም ቢመጣ።

በርግጥ ሥዕሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ሥዕል ተደርቦበት ተሸፍኖ ኖሯል። የተገለጠው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ተናጋሪያችን እንግዲህ ለማየት ከ90 ዓመት በላይ ጊዜ ነበረው።