ዓምድ ማስፋት ይህን ያህል ይከብዳል?

ከደሴ ቅርንጫፋችን በየሳምንቱ ኤክሴል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠርቶ የሚላክልን የንብረት ሰንጠረዥ ትዕግሥቴን አሟጠጠው። ፋይሉን ስከፍት የገንዘቡ ዓምድ ውስጥ የሚታየኝ ቁጥር ሳይሆን የአጥር እንጨት የመሰለ የምልክት ሰልፍ (####) ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ደግሞ አለቃችን በወረቀት ካልታተመ አያምኑም። አጥሩ እንዳለ ይታተምና «ሒሳቡ የት ገባ?» ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ሒሳቡ የትም አልገባም! ኤክሴል ዓምዱ ሲጠበው ቁጥሩን ቆርጦ ከሚያሳስት ይደብቀዋል። (ለዚህ እንኳ ይመስገን፤ ጭራው የተቆረጠ ሚሊዮን ጉድ ያፈላ ነበር።) ለስም ግን አይራራም፤ ቀጥሎ ያለው ሳጥን ባዶ ካልሆነ «ወይዘሮ ዘ» ላይ ያቆመዋል።

መድኃኒቱ እኮ ቀላል ነው። ከላይ፣ በዓምዶቹ ፊደላት መካከል ባለው መስመር ላይ ማውሱን አሳርፎ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስተካከል ደግሞ ኮንትሮልንና የ«A» ቁልፍን አብሮ ተጭኖ ሰንጠረዡን መምረጥ፣ ከዚያ አልት፣ ኤች፣ ኦ፣ አይ በየተራ። እያንዳንዱ ዓምድ በውስጡ ባለው ልክ ይሰፋል።

ይህንኑ በስልክ አስረዳሁ፤ በወረቀት ጽፌም በሚኒባስ ሹፌር እጅ የሐረጎን ተራራ አሻግሬ ላክሁ። መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እኛ ጋር ደህና ነው የሚታየው።» እንዴት አድርጎ? የዓምዱ ስፋት ከፋይሉ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው!

ትናንት ደግሞ አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። ዓምዱን ከማስፋት ይልቅ የፊደሉን መጠን ወደ 6 አወረዱት። አሁን ቁጥሩ አለ፤ የሚያነበው ዓይን ይፈለግለት።