ብርሌው ደርሷል፣ ጠጁ ግን የለም

ዛሬ የማቀርበው ምስጋና ነው። ከባድ ነገር አቅልለው ለሚያስረዱን ሰዎች። ታውቋቸዋላችሁ፤ "ለማንም በሚገባ መልኩ" የሚሉት። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ያልገባን ነገር እንዳልገባን እናውቅ ነበር። አሁን ዕድሜ ለእነሱ ሁሉም ነገር ገብቶናል። ምን እንደገባን ብቻ አትጠይቁን።

ነገሩን ያነሳሳብኝ ባለፈው ሳምንት የገዛሁት መጽሐፍ ነው። ስለ ስበት ነው የሚያወራው። ሽፋኑ ላይ "አንድም ቀመር የለበትም!" የሚል ተጽፎበታል፣ ከነቃለ አጋኖው። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ስለ ጽንፈ ዓለም የጻፈውን መጽሐፉን ሲያወጣ "አንድ ቀመር ባስገባህ ቁጥር ገዢህ በግማሽ ይቀንሳል" ተብሎ ተመክሮ ነበር። እሱ እንኳ አንስታይንን ፈርቶ የእሱን አንዲቷን ቀመር፣ E=mc²ን፣ ሳይነካት ተዋት። የእኔው ደራሲ ግን እሷንም አላስተረፈም። ጨካኝ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ "በቀመር ቁጥር በግማሽ" የሚለው ራሱ ቀመር ነው። ይህን ስላነሳሁ ግማሾቻችሁ ሄዳችሁ ይሆናል። የቀራችሁት ጠጋ በሉ።

መጽሐፉ ሲጀምር የመጀመሪያው ቃል "አትፍሩ" ነው። እኔ እኮ አልፈራሁም ነበር። የሰው ቤት በር ስታንኳኩ ከውስጥ "ግቡ፣ ውሻው አይናከስም!" ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ውሻ መኖሩን የምናውቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ስምንት ጊዜ ውሻው አይናከስም አለኝ። በዘጠነኛው እግሬን ሶፋው ላይ ሰቀልኩ።

ከዚያ አንሶላው መጣ።

አንሶላውን የማያውቅ የለም። ስለ ስበት የተጻፈ "ቀላል" ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ አንሶላ ያነጥፋል። አንስታይን በ1915 "ስበት ማለት የቦታና የጊዜ መጉበጥ ነው" ያለውን እኛ አንችለውም ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ የተወጠረ አንሶላ እናስብ። መሃሉ ላይ ከባድ ኳስ እናስቀምጥ፤ ያ ፀሐይ ነው። አንሶላው ይሰረጉዳል። አሁን ብይ እናንከባልል፤ እሷ መሬት ናት። ብይዋ ኳሱን ትዞራለች። በቃ፣ ስበት ማለት ይኸው ነው! ቀጣዩ ምዕራፍ።

እኔ ደግሞ ታዛዥ አንባቢ ነኝ። አስብ ሲሉኝ ማሰብ ብቻ አይበቃኝም። እህቴ ቤት ነበርኩና አንዱን አንሶላዋን አወጣሁ። አንሶላ አራት ጫፍ አለው። ሁለቱን ወንበር ላይ አሰርኩ። አንዱን እኔ ያዝኩ፣ አንዱን የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ። ጽንፈ ዓለም ተወጠረ። ኳሱን ጣል አደረግንበት። የልጅ ኳስ ስለሆነ አንሶላው ፍንክች አላለም። ፀሐያችን ቀለለችብን። ቤቱን ስናስስ ቆይተን፣ ሌላ ከባድ ነገር ብናጣ፣ መጽሐፉን ራሱን መሃል ላይ አስቀመጥነው። አንሶላው እጥፍ ብሎ ሰረጎደ። እውነቴን ነው፣ መጽሐፉ ስለ ስበት የሆነ ነገር ያሳየኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ብይዋን ለቀቅናት። አንድ ዙር ዞረች። ግማሽ ጨመረች። ከዚያ ሄዳ መጽሐፉ ላይ ልጥፍ አለች። "መሬት ፀሐይ ውስጥ ገባች" አለ ልጁ። ደግመን ለቀቅናት። ደግማ ገባች። በአንድ ከሰዓት ስድስት ጊዜ የሰው ዘር አለቀ። እውነተኛዋ መሬት 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስትዞር የኖረችው ጨርቅ ላይ ስላልሆነች ነው። ጨርቅ ብይን እየተሻሸ ያቆማታል። ህዋ ላይ የሚተሻሻት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ደራሲው ይህን አላነሳብንም። እንዳንፈራ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ልጁ ጫፉን እንደያዘ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ መጽሐፉን ወደ ታች የሚጎትተው ማነው?"

"ክብደቱ ነዋ።"

"ክብደት ለምን ይጎትታል?"

ዝም አልኩ። ክብደት የሚጎትተው በስበት ነው። አንሶላው የሚሰረጉደው ከሥሩ ያለችው መሬት መጽሐፉን ስለምትስበው ነው። ስበትን ለማስረዳት ስበት አስፈለገ ማለት ነው። ይህንኑ አንሶላ ህዋ ላይ በሚዞር ጣቢያ ውስጥ ብትወጥሩት ኳሱም ብይዋም አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። አንሶላው ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። ቁጠባ ማለት እንዲህ ነው! ሌላው ሰው አንዱን ነገር ለማስረዳት ሌላ ነገር ያባክናል። እነሱ ግን ያንኑ በዚያው። እንቅልፍ ለምን ይወስደናል? ስለሚያስተኛን። ውሃ ለምን ያረጥባል? ርጥብ ስለሆነ። ቀጣዩ ምዕራፍ።

እህቴ የገባችው በዚህ መሃል ነው። ንጹሕ አንሶላዋ ወንበር ላይ ታስሯል። መሃሉ ላይ መጽሐፍ ተቀምጧል። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ስበት" አልናት ሁለታችንም።

አንሶላ ብቻውን አይደለም፤ ዘመድ አለው። የእግር ኳስ ሜዳን ውሰዱ። ሄክታር ያስደነግጠናል ተብሎ ስፋት ሁሉ በሜዳ ይቆጠርልናል። ጫካው ሁለት መቶ ሜዳ፣ ሐይቁ አምስት መቶ ሜዳ። ኳስ አይተን የማናውቀውም ጭምር ራሳችንን እንነቀንቃለን። የጨዋታው ሕግ ግን አንድ ሜዳ ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመት፣ ከ45 እስከ 90 ሜትር ወርድ እንዲኖረው ይፈቅዳል። ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ ልዩነቱ ጠበብ ይላል እንጂ ትንሹ ሜዳ 4,050 ካሬ ሜትር፣ ትልቁ 10,800 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከእጥፍ በላይ የሚለጠጥ መለኪያ! ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ሜትር ቢይዝ ማን ያሰፋ ነበር? ምስኪኑ ሄክታር ግን 10,000 ካሬ ሜትር ብሎ ቁጭ ብሏል፣ ማንንም ሳይነካ።

ድመቷም አለች። የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር በ1935 በሐሳቡ ሳጥን ውስጥ የከተታት፣ በአንድ ጊዜ ሞታም ድናም አለች የተባለችው። ሰውየው ያመጣት የኳንተምን ነገር፣ ማለትም የአቶምንና ከዚያ ያነሱ ነገሮችን ሳይንስ፣ በዘመኑ በተለመደው መንገድ ከተረጎምነው ምን ዓይነት ጉድ እንደሚወጣ ለማሳየት ነበር። ሽሙጥ ናት በአጭሩ። ዛሬ ግን "ኳንተም ማለት ምንድን ነው?" ሲባል መልስ ሆና ትቀርባለች። የምጽፈውን ሰው ቁም ነገር ብሎ እንዳይወስድብኝ ስሰጋ ያቺ ድመት ትዝ ትለኛለች።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ያ አባባል ብርሌ ውስጥ ጠጅ እንዳለ ታሳቢ አድርጎ ነው። የዛሬዎቹ አሳላፊዎች ብርሌውን እያጠቡ፣ እየወለወሉ፣ እየደረደሩ ያቀርቡልናል። እኛም ባዶውን አንስተን እናጋጫለን። አንዳንዱማ ይሰክራል። ሰው በተሰበሰበበት "አንስታይን እንዳለው ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው" የሚለውን ሰውዬ አትርሱት። ያ ንድፈ ሐሳብ የተነሳው እኮ አንጻራዊ ካልሆነው ነገር ነው። የብርሃን ፍጥነት፣ ቆማችሁም ለካችሁት እየሮጣችሁ፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። ሰውየው ግን ዘግይቶ በመጣ ቁጥር "ጊዜ አንጻራዊ ነው" ይላል። ይስቃል። እኛም እንስቃለን፣ ምን እናድርግ።

እስካሁን ቀልድ ነው። አንዷን አባባል ግን በቀልድ ላልፋት አልቻልኩም። "ለአያትህ ማስረዳት ካልቻልክ አንተም አልገባህም" ትላለች። አያት የድንቁርና መለኪያ የሆነችው ከመቼ ወዲህ ነው? ማንስ ፈቀደ? የእኔ አያት ፊደል አልቆጠረችም። የአሥራ ሁለት ሰው ብድር፣ ከነወለዱ፣ ከነቀኑ፣ በቃሏ ትይዝ ነበር። ተበዳሪ ጽፎ ይመጣና በእሷ ቃል ያርም ነበር። ያልገባት ነገር ሲኖር "ቆይ፣ እስኪ እንደገና በለው" ትላለች። እንደገና ይነገራታል። ይገባታል። የሚያስፈልጋት ይኸው ነበር፣ ሌላ አይደለም። "አይዞሽ፣ ይሄ አንቺን ይከብድሻል፣ አንሶላ አስቢ" የሚላት ቢመጣ ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። ይህ ማቅለል አይደለም። ንቀት ነው። ፈገግ ስላለ ሌላ ስም አይሰጠውም። ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ በላቡ የገዛውን መጽሐፍ የሚገልጠው ሊያውቅ ነው። እሹሩሩ እንዲሉት አይደለም።

ነገሩ አይቻል ቢሆን እኮ ዝም እል ነበር። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካርታ ክፈቱ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ይዞራሉ። እያንዳንዱ የአቶም ሰዓት ተሸክሟል። ከመሬት በተራቀ ቁጥር ሰዓት ይፈጥናል፤ አንስታይን ያለው ይህን ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ ላይ ያለው ሰዓት ከእኛው በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ሳተላይቱ ስለሚሮጥ ደግሞ 7 ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ሲቀናነስ 38 ይተርፋል። ማይክሮሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ናት፣ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ስልካችሁ የት እንዳላችሁ የሚያውቀው ግን ምልክቱ ከሳተላይቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ነው። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። አባዙት። 11 ኪሎ ሜትር። በአንድ ቀን ብቻ። እሱም በየቀኑ ይጠራቀማል። ካርታው ደጃችሁ ድረስ የሚያደርሳችሁ መሐንዲሶቹ ይህችን ልዩነት አስቀድመው ስላረሙላችሁ ነው።

አንድ ማባዛት አስነካኋችሁ። የታመመ አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። ከእጃችሁ ያመለጠ ዕቃ ወደ ታች የሚወድቀው በአብዛኛው በዚሁ በጊዜ መዛነፍ ነው። አንሶላው ላይ ግን ጊዜ የሚባል ነገር የለም፤ የሚጎብጠው ቦታ ብቻ ነው። ሙሽራው ያልተጠራበት ሰርግ።

አንስታይን ራሱ ሒሳቡን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ መጽሐፍ በ1917 አሳትሟል። ሐዲድና ባቡር ምሳሌ አድርጎበታል፣ ምሳሌ ኃጢአት ነው ያለ የለም። መግቢያው ላይ ግን አትፍሩ አላለም። መጽሐፉ ቢያጥርም ከአንባቢው ትዕግሥትና ጽናት እንደሚጠይቅ በግልጽ ጻፈ። አንባቢውን ሰው ብሎ ቆጠረው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ደግሞ አለ። ትምህርቱን ብዙ ሳይገፋ በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ሳይንስ የገባው የሚጠርዘውን እያነበበ ነው። አርጅቶ ሲያስተምር በ1860 መጨረሻ ልጆች ፊት አንድ ሻማ ይዞ ቆመ። በዚያች ሻማ ስድስት ትምህርት ሰጠ። ነበልባሉ ለምን እንደሚያበራ፣ ሰሙ የት እንደሚሄድ፣ ከእሳቱ ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚወጣ። ሻማዋ የሌላ ነገር ምሳሌ አልነበረችም። ሻማዋ ሻማ ነበረች። ከፊታቸው ትነድ ነበር።

ያው የእኛዎቹ ቢሆኑ "አሁን ሻማ አስቡ" ይሉ ነበር፣ መብራት አጥፍተው።

ልጁ በማግስቱ ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ መጣ። "ደረስክበት?" አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ መጽሐፉን ወደ ታች የሚጎትተውን። የሳተላይቱን ሰዓት አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሰማና "ታዲያ ሰዓቱ ለምን ይቀድማል?" አለኝ። ግማሹን መልሼ ግማሹን አልቻልኩም። አላውቅም አልኩት። ቅር አላለውም። እስኪ መጽሐፉን እንየው አለኝ። ምዕራፍ ሁለትን ገለጥን።

"አትፍሩ" ይላል። "አሁን ደግሞ ፍራሽ አስቡ።"

እህቴ የመኝታ ቤቱን በር ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ወጥታለች።